መምህር ኤርሳዶና የሸክላዋ ምድር

ያለ ሐኪም የኖረ ከተማ አይቻለሁ፤ ያለ ዳኛ የኖረም አይቻለሁ። ያለ አራሚ የኖረ ከተማ ግን የትም አላየሁም። አራሚ ስል ጎመን መሀል የበቀለ አረም የሚነቅለውን ገበሬ ማለቴ አይደለም፤ በሰው ጨዋታ መሀል የበቀለች ስሕተት አሳዶ ካልነቀለ እህል የማይወርድለትን ሰው ማለቴ ነው። በየሰፈሩ አንድ አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። "ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ..." ብላችሁ ወሬ ስትጀምሩ "ሦስት ከሩብ ነበር" የሚላችሁ እሱ ነው።

የእኛው አራሚ ግን ሰፈርና ከተማ የሚበቃቸው አልነበሩም። ያርሙ የነበረው መላዋን ምድር ነው። ክቡር መምህር ኤርሳዶ ጦና፣ የሶዶው ሊቀ ኬክሮስ ወኬንትሮስ!

ከኪንዶ ዲዳዬ፣ ከሃላሌ በኩል የመጡ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም፤ አንደበታቸው ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበር። የኮታቸው ኪስ ውስጥ ሲባጎ፣ እርሳስና ማስመሪያ አይጠፋም። ስሕተት ሲሰሙ መጀመሪያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው። ቀጥለው ጣታቸውን ያነሡና "ይቅርታ፣ ላስተካክል!" ይላሉ። ከተማው ስማቸውን ትቶ "አቶ ላስተካክል" ይላቸው ነበር።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። ባለቤቷ የሞተባት ጎረቤታችን ፈጠነች "ምድር ዳር ድረስ ብሄድ አላገኝህም!" እያለች ስታነባ፣ መምህር ኤርሳዶ ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው "ምድር ዳር የላትም፤ ክብ ናት" ብለው ሹክ አሉ። ሹክታቸው ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ጩኸት ነው። ፈጠነች እንባዋን አቁማ አፏን ከፍታ አየቻቸው። በኋላ ስጠይቃት "ባሌ ከሞተ ወዲህ ሳቅ ያፈነኝ ያን ቀን ብቻ ነው" አለችኝ።

በሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያንም ሰባኪው አቶ ቶማ "ፀሐይ በምሥራቅ መውጣቷን እንደማትተው..." ብለው ሲጀምሩ፣ ከሦስተኛው አግዳሚ ጣት ተነሣ። "ይቅርታ፣ ላስተካክል! ልክ በምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው።" አቶ ቶማ ከዚያ ወዲህ "በምሥራቅ አካባቢ" ማለት ጀመሩ። ፖስታ ቤት ደግሞ በደብዳቤ ጀርባ የላኪ አድራሻ ሲጽፉ "ስድስት ዲግሪ ከሃምሳ አንድ ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ፣ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ከአርባ አምስት ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ" ብለው አሰፈሩ። ጸሐፊው አቶ ብሩ "መምህር፣ የትኛው ሰፈር ነው ይሄ?" ቢሏቸው፣ "ጸሐፊ ሆይ፣ በመላው ዓለም ከዚህ የተሻለ አድራሻ ያለው ሰው የለም" ብለው መለሱ ይባላል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ ብትሉ፣ እኔ ትርፌ እዚያው ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የእሳቸውን ስድስተኛ ክፍልና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ድምፅ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። እኔ "ፊደል" ስል እሳቸው "ኬክሮስ!" ይላሉ። እኔ "ግስ" ስል እሳቸው "ኬንትሮስ!" ይላሉ። አንድ ጊዜ በፈተና ላይ "ወገብ በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ" ብዬ ባዝ፣ ግማሹ ክፍል "የምድር ወገብ ርዝመት አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው" ብሎ ጻፈ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ተሳስቶ ጻፈ።

ከሁሉ በላይ የሚያደነቁረኝ የየዕለቱ መዝሙራቸው ነበር። "አንድ ዲግሪ ስንት ነው?" ይላሉ። "መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር!" ይላል ክፍሉ። "የት?" "የትም!" "በኬክሮስ?" "የትም!" "በኬንትሮስ?" "የትም!" አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሰማሁ። ዛሬም እየሄድኩ ሳላስበው ያመልጠኛል።

ታዲያ የሚያስተምሩበት መሣሪያ አንዲት የግድግዳ ካርታ ብቻ ነበረች፣ ጫፏን ምስጥ የበላት። በእሷ ላይ የኬክሮስ መስመሮች አግድም፣ የኬንትሮስ መስመሮች ቁልቁል ተሰምረው፣ ምድር እንደ መስኮት ፍርግርግ ትታያለች፤ ሳጥኖቿ ሁሉ እኩል ናቸው። መምህሩ ክብ ሉል እንዲላክላቸው ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገቡ። ሦስት ጊዜም "በጀት ሲፈቀድ" የሚል መልስ መጣ። ሰውዬው ግን እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። አንድ ቀን በጥር ወር፣ በእረፍት ሰዓት፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ወይዘሪት ትርፌ፣ ምድርን የሚሠራልን ሰው አግኝቻለሁ።"

"ምድርንማ የሠራት እግዚአብሔር ነው፣ መምህር።"

"ላስተካክል፤ ትንሿን ማለቴ ነው።"

ያቺ ሰው ቦሼ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ እንሰት መሀል የምትኖር ሸክላ ሠሪ። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ምን እንደነበረች ለማያውቅ ልንገር፦ ድስቷን ሁሉም ይገዛል፣ ቤቷ ግን ማንም አይቀመጥም፤ እህሏንም ማንም አይቀምስም። መምህር ኤርሳዶ አንድ ትልቅ ድቡልቡል ሸክላ፣ አፍም መቀመጫም የሌለው፣ እንድትሠራላቸው አዘዋት ነበር። "ለምን ይሆናል? ውሃ አይቀዳበት፣ ወጥ አይሠራበት" ብትላቸው "ሰው ይኖርበታል" አሏት። ቦሼ እብድ ናቸው ብላ አዘነችላቸው፤ እብድ ደግሞ አይከፋም ብላ እሺ አለቻቸው።

እኔ እንስራ ለመግዛት ፈልጌ ነበርና አብሬያቸው ሄድኩ። ሸክላው ገና ጥሬ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ደረቅ ማለት ጀምሯል። ትልቅ ዱባ ያክላል። ላይና ታች አንዳንድ ቀዳዳ አለው፤ "እሳት ውስጥ እንዳይፈነዳ" አለች ቦሼ። ሁለቱ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ እኔም ሶዶ ተወልጄ አድጌያለሁና አልጠፋኝም፣ ወደ አማርኛ መልሼ እነግራችኋለሁ።

ቦሼ በቅድሚያ የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ በቅጠል አቀረበችልን። እኔ የአባቴና የእናቴ ልጅ ነኝና፣ የሸክላ ሠሪ እህል አፌ ገብቶ አያውቅምና፣ "ረቡዕ ነው፣ ጾም ላይ ነኝ" አልኩ። መምህር ኤርሳዶ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይቅርታ፣ ላስተካክል። ቦይና የጾም ነው።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቦሼ አንገቷን ደፋች። እኔም አንዱን አንሥቼ ቀመስኩ። ጨው ብቻ ነው የጎደለው።

ከዚያ መምህሩ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ሌሊቱን በማስመሪያ ሲለኩ ያደሩበት ነው፤ እንደ ካርታዋ አግድምና ቁልቁል ተሰምሮበታል፣ ሳጥኖቹ እኩል እኩል። "ይህን ሸክላው ላይ ጠቅልለሽ፣ በመስመሩ ላይ በእሾህ ጫሪበት" አሏት። ቦሼ ወረቀቱን ወስዳ በሆዱ ዙሪያ ጠቀለለች። ሆዱ ላይ ልክ ሆነ። ወደ ላይና ወደ ታች ልታስይዘው ስትል ግን ወረቀቱ ተጨማደደ። አስተካከለች፣ ተጨማደደ። ሳበች፣ ተቀደደ።

"መስመርህ ለዚህ አይሆንም" አለች።

"እንዴት አይሆንም? መንግሥት ያተመው ካርታ ላይ እንዲህ ነው!"

"መንግሥት ሸክላ ሠርቶ ያውቃል?"

ቦሼ የተቀደደውን ወረቀት አስቀምጣ እሾኋን አነሣች። መጀመሪያ በሆዱ ዙሪያ አንድ ቀለበት ጫረች። ከሱ በላይ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ሌላ፣ እስከ ቀዳዳው ድረስ። ከታችም እንዲሁ። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ሸክላውን በአንድ እጇ እያዞረች እሾኋን ቀጥ አድርጋ ብቻ ትይዛለች። ከዚያ ከላይኛው ቀዳዳ ተነሥታ በሆዱ በኩል አልፋ እስከ ታችኛው ቀዳዳ አንድ መስመር አወረደች። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ። ሆዱ ላይ ሰፋ ሰፋ ብለው የነበሩት መስመሮች ወደ ላይ ሲወጡ ተቀራረቡ፣ ተጠጋጉ፣ መጨረሻም ሁሉም እዚያችው ቀዳዳ ውስጥ ገቡ።

"አየህ?" አለች። "ዙሪያውን የሚዞሩት አይገናኙም፤ ግን እኩል አይደሉም። ትልቁ ሆዱ ላይ ነው፣ ከዚያ እያነሱ ይሄዳሉ። የሚወርዱት ደግሞ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ግን ይገናኛሉ። ሁሉም። ላይም ታችም።"

የሚቋረጡበትን ቦታ በጥፍሯ ነካች። "እዚህ ግን፣ የትም ቢሆን፣ ቀጥ ብለው ነው የሚተላለፉት። እንደ ቤት ማዕዘን።"

መምህር ኤርሳዶ በርከክ አሉ። ሲባጎአቸውን አወጡና ሆዱን ዙሪያውን ለኩ። ከሆዱ እስከ ቀዳዳው ያለውን ደግሞ ለክተው ሦስት እኩል ቦታ አጠፉት፤ ሁለተኛው እጥፋት በደረሰበት ላይ ያለውን ቀለበት ለኩ። ሲባጎውን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። እንደገና ለኩ። እንደገና አስተያዩት።

"ግማሽ ነው" አሉ በቀስታ። "ልክ ግማሽ። ስልሳኛው ዲግሪ ላይ ቀለበቱ የወገቡ ግማሽ ነው። እዚያ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር አይደለም። ሃምሳ አምስት ነው... ሃምሳ አምስት ተኩል። እዚህ ቀዳዳው ጋ ደግሞ..." ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳረፉ። "ምንም ነው። ባዶ ነው።"

እንስራዬን ተሸክመውልኝ ወደ ከተማው ተመለስን። በመንገድ ላይ አንድ ሰው "ዳሞታ እኮ ከዓለም ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ነው" እያለ አጠገባችን አለፈ። መምህር ኤርሳዶ አልሰሙትም። ያኔ ነው የፈራሁላቸው።

በማግሥቱ በግድግዳው በኩል የሰማሁትን እስክሞት አልረሳውም።

"ልጆች፣ ተነሡ" አሉ። ተነሡ። "አንድ ዲግሪ ስንት ነው?" "መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር!" "የት?" "የትም!"

"ውሸት ነው" አሉ መምህር ኤርሳዶ። "አራት ዓመት ሙሉ ውሸት ሳስተምር ኖሬያለሁ። የኬክሮሱ እውነት ነው። የኬንትሮሱን ግን ከጠፍጣፋ ካርታ ላይ ነው የወሰድኩት፣ አላሰብኩበትም። ያስተካከለችኝን ሰው ሥራዋን ስትጨርስ አመጣላችኋለሁ።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ አመጡም። ቦሼ በእሳት የጠነከረውን ሉል በጀርባዋ አዝላ፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ወደ ትምህርት ቤታችን ግቢ ስትገባ ዘበኛው "ገበያው በዚያ ነው" አላት። መምህሩ ወጥተው፣ እጅ ነሥተው፣ "ይግቡ እናቴ" አሏት። የራሳቸውን ወንበር ሰጧት። ከአስተማሪዎቹ ሁለቱ ያን ቀን ከመምህር ኤርሳዶ ጋር ሻይ መጠጣት አቆሙ።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ፣ ያን ዕለት ነው ከጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት ኢንስፔክተሩ አቶ ዓምደሚካኤል ሳይታሰቡ የመጡት። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ዳይሬክተሩ እየመሩ አስገቧቸው። እኔም ክፍሌን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ይቺ ሴትዮ እዚህ ምን ትሠራለች?" አሉ።

"ዛሬ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው" አሉ መምህር ኤርሳዶ።

"እሳቸው" የምትለዋ ቃል ለሸክላ ሠሪ ስትነገር ክፍሉ ውስጥ የነበረ አዋቂ ሁሉ ደነገጠ። ቦሼ ብቻ አልደነገጠችም። አማርኛዋን የተማረችው ከገበያ ነውና ለእሷ ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም፣ ሁሉም "አንተ" ነው፤ እኔም ጭምር፤ ግሧም ከባለቤቱ ጋር አይስማማም። ኢንስፔክተሩን አየት አደረገችና "አንተ ተቀመጥ፣ ለምን ይቆማል?" አለቻቸው።

አቶ ዓምደሚካኤል አልተቀመጡም። ሉሉን ዞረው አዩት። ቀለበቶቹን፣ ወራጅ መስመሮቹን፣ መምህሩ በእርሳስ የሣሏቸውን ባሕርና የብስ አዩ። አፍሪካ ላይ ቀይ ነጥብ ነበረች።

"ይህቺ ምንድን ናት?"

"ሶዶ ናት፣ ጌታዬ።"

"መሆኗን በምን አወቁ? በሸክላ ሠሪ ግምት? አራት ዓመት ሲሳሳቱ መኖርዎን ራስዎ ለልጆቹ እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። ነጥቧስ ስሕተት አለመሆኗን ማን ይመሰክራል?"

"ፀሐይ ትመሰክራለች" አሉ መምህር ኤርሳዶ። ከዱቦ ሚሲዮን የተዋሱትን፣ የፀሐይ መንገድ በየቀኑ የተጻፈበትን አሮጌ መጽሐፍ አንሥተው ገለጡ። "ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን ልክ በእኛ ኬክሮስ ላይ ታልፋለች። የመጀመሪያው መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ነው። ያን ቀን በቀትር፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም።"

ኢንስፔክተሩ ሳቁ። "ጥላ የሌለው ነገር አይተው ያውቃሉ?"

"አላየሁም።"

"ቢኖረውስ?"

"የመምህርነት ሥራዬን እለቃለሁ።"

ዳይሬክተራችን ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ ይህቺን ወዲያው በወረቀት አስፈርመው ማኅተም መቱባት።

መጋቢት ሃያ ዘጠኝ የገበያ ቀን ሆኖ ዋለ። ወሬው ከኛ ቀድሞ ደርሷል፦ "አቶ ላስተካክል ዛሬ ጥላ ሊያጠፉ ነው!" ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ሞላ። ቅቤ ይዞ የመጣው ከነቅቤው፣ በግ የሚጎትተው ከነበጉ። አቶ ቶማ ሰባኪው መጡ። ፈጠነች መጣች። ቄስ የሆኑት አባቴ ከደብራቸው ጃንጥላ ዘርግተው መጡ። አቶ ዓምደሚካኤል ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ሰዓታቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።

መምህር ኤርሳዶ ሰው የሚያክል ቀጥ ያለ እንጨት ተክለው በአራቱም ጎን በቱምቢ አስተካከሉት። ቦሼ ደግሞ ሉሏን አምጥታ በሣር ቀለበት ላይ አስቀመጠች፤ ቀዩዋን ነጥብ ሽቅብ ወደ ሰማይ፣ የላይኛውን ቀዳዳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳሞታ አደረገችው።

"ላስተካክል፣ እናቴ" አሉ መምህሩ። "ከላይ የሚሆነው ሰሜን ዋልታ ነው።"

"አንተ አሁን ሰሜን ዋልታ ላይ ቆሟል?"

"አይ..."

"የት ቆሟል?"

"ሶዶ።"

"ታዲያ ላይ ሶዶ ነው" አለችና በነጥቧ ላይ፣ በዙሪያዋም ባሉት የመስመር መገናኛዎች ላይ፣ ትንንሽ እሾህ በሰም እያጣበቀች አቆመች። መምህር ኤርሳዶ ሉሉን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። የአቶ ዓምደሚካኤል ሰዓት ከሬዲዮ ጋር የተስተካከለች ነች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከእንጨቱ ሥር ወደ ምዕራብ፣ አንድ ስንዝር የምታክል ጥላ፣ ጥቁር ሆና ተጋድማለች።

ሳቁ ከኋላ ጀመረ። "ጥላው እንቢ አለ!" አለ አንዱ። ኢንስፔክተሩ ተነሡና ባርኔጣቸውን አነሡ። "በቃ እንግዲህ፣ መምህር።"

"ይቅርታ፣ ላስተካክል!"

ድምፃቸው እንደ ጥንቱ ሆኖ ወጣ። "ሰዓትዎ የእኛ አይደለም፣ ጌታዬ! ሰዓትዎ የአርባ አምስተኛው ኬንትሮስ ነው፤ በኦጋዴን በኩል የሚያልፈው። ፀሐይ አሁን እነሱን አልፋ ወደ እኛ እየመጣች ነው። እኛ ከእነሱ ሰባት ዲግሪ ከሩብ በምዕራብ ነን፤ ፀሐይ ለአንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ትፈጃለች። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ትንሽም ጨምሩበት። ከስድስት ተኩል በኋላ ይዩ።"

አቶ ዓምደሚካኤል እንደገና ተቀመጡ። ጥላዋ በዓይን በማይለይ ዝግታ መሰብሰብ ጀመረች። ከስንዝር ወደ ግማሽ ስንዝር፣ ከዚያ ወደ አራት ጣት። ሳቁ በረደ። በስድስት ከሃያ ግን ከዳሞታ ላይ ደመና ተነሥቶ መጣ፣ የበልግ ደመና፣ ጥቁር። ፀሐይን ዋጣት። ግቢው ጠቆረ፤ ጥላ የሚባል ነገር ከሁሉም ላይ ጠፋ። አንዱ "ይኸው ጠፋ!" ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀለትም። መምህር ኤርሳዶ ሰማዩን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቁጠሩ ይጸልዩ አላውቅም። ስድስት ከሃያ አምስት። ስድስት ከሃያ ስምንት። እኔ የማላውቀውን ሰው ክንድ ጨምድጄ ይዤ ነበር።

በስድስት ተኩል ደመናው ተቀደደ።

ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ በቀጥታ፣ እንደ ውሃ። እንጨቱ ሥር አየሁ። ምንም አልነበረም። የጣት ታህል፣ የክር ታህል ጥላ አልነበረም፤ እንጨቱ በብርሃን መሀል ብቻውን ቆሟል። ራሴን ቀና አድርጌ ሰዉን ባይ ሁሉም ጥላውን ከጫማው ሥር ረግጦ ቆሟል። የበጉ ጥላ ከሆዱ ሥር። የአባቴ የተዘረጋ ጃንጥላ ጥላ ክብ ሆኖ ልክ እግራቸው ላይ። ፈጠነች እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አቶ ቶማ በጉልበታቸው ተንበርክከዋል።

"ሉሉን እዩት" አለ የመምህር ኤርሳዶ ድምፅ።

ሉሉ ላይ፣ በሶዶ ነጥብ ላይ የቆመችው እሾህ ጥላ የላትም። በእኛው ኬንትሮስ ላይ ያሉት ግን ጥላቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጥለዋል። በምሥራቅ ያሉት ወደ ምሥራቅ፣ በምዕራብ ያሉት ወደ ምዕራብ። የሁሉም ጥላ ከእኛ ይሸሻል። ያቺ የዱባ ታህል ጭቃ በዚያች ደቂቃ ከትልቋ ምድር ጋር እኩል ቆማ፣ አንዲት ፀሐይ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ታያቸው ነበር።

"ቀኑን የነገረን ኬክሮሳችን ነው" አሉ መምህሩ። "ዛሬ በዚህ ቀለበት ላይ ያለ አገር ሁሉ፣ በየተራው፣ ጥላ ያጣል። ደቂቃውን የነገረን ኬንትሮሳችን ነው። በዚህ መስመር ላይ ያለ አገር ሁሉ፣ ከዋልታ እስከ ዋልታ፣ አሁን ቀትር ነው። ሁለቱ የሚተላለፉት ግን አንድ ቦታ ነው። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በመላው ምድር ላይ ፀሐይ ልክ ከአናቱ በላይ የቆመችለት ሕዝብ... እኛ ብቻ ነን።"

ቦሼ ሽቅብ አየችና በዝግታ "እኛን አይታለች" አለች።

አቶ ዓምደሚካኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው "ያን ወረቀት ይቅደዱት" አሉ። ከዚያ ወደ ቦሼ ሄደው ጥቂት ካመነቱ በኋላ እጃቸውን ዘረጉላት። "እንዲህ ያለ አንድ ለቢሯችን ይሠሩልን እንደሆን?" አሏት። "ይሠሩልን" ማለታቸውን ሁላችንም ሰማን።

ጥላዋ አሁን ከእንጨቱ በስተ ምሥራቅ እንደ ጥፍር ጫፍ ብቅ ስትል፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እሷን ሲያይ፣ እኔ መምህር ኤርሳዶን አየሁ። ከሕዝቡ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሲባጎው ከእጁ ወድቋል። ረጅም አንገቱ ወደ ሰማይ ተቀልሶ፣ እንባው ወደ ጆሮው ሥር ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ይህን ሰው አራት ዓመት በጭቃ ግድግዳ በኩል ስሰማው፣ ሳማርረው፣ ስቀልድበት ኖሬ፣ እስከዚያች ቀትር ድረስ አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ።

"ኤርሳዶ" አልኩ፣ "ታለቅሳለህ እንዴ?"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። "አንተ" ብዬዋለሁ። በሕዝብ ፊት፣ በኢንስፔክተር ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ አንዲት ያላገባች አስተማሪ የሥራ ባልደረባዋን፣ ያውም የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ "አንተ" ብላለች። ዳይሬክተሩ ዞሩ። አባቴ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ሁሉም መምህር ኤርሳዶን አየ፤ ስሕተት ሰምቶ የማያልፈውን ሰው፣ ለቅሶ ቤት የማይምረውን ሰው፣ አሁን ጣቱን ያነሣል ብሎ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ።

ዓይኑን አልጨፈነም። ጣቱን አላነሣም። እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገና "አዎ ትርፌ፣ እያለቀስኩ ነው" አለኝ።

የምጽፈውን ሁሉ ዛሬም ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያርመዋል፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ከተጋባን ይኸው ስንት ዓመታችን፣ አርሞኝ አያውቅም።